ኬቶኔ ዝቅ ብሏል፤ ፕሮቲን ልቀንስ?

ጥያቄ፦ «ኬቶ አመጋገብ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ቁመቴ 168 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቴ ከ89 ኪሎ ወደ 84 ወርዷል። በቀን 25 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 160 ግራም ፕሮቲንና 95 ግራም ገደማ ቅባት እበላለሁ። ቡና በወተት በቀን ሦስቴ እጠጣለሁ፤ ሲርበኝ ካሹ እቆረጥማለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሽንት መመርመሪያው ወረቀት በጣም ይጠቁር ነበር፤ አሁን እየደበዘዘ ነው። በደም መለኪያም ጠዋት ጠዋት ከ0.3 እስከ 0.4 አገኛለሁ። ክብደቴ እንደ መጀመሪያው አይወርድም። ፕሮቲን ሲበዛ ወደ ስኳር ይቀየራል ስለተባልኩ ወደ 60 ግራም ላወርደው አስቤያለሁ። መድኃኒት አልወስድም፤ የስኳርም የኩላሊትም ሕመም የለብኝም። ትክክል ነኝ?»

ምላሽ፦

ወደ 60 ግራም አያውርዱት። አሁን የሚበሉት ፕሮቲን ከሚያስፈልግዎ ስለሚበልጥ መጠነኛ ቅነሳ ይቻላል፤ ቁጥሩን ወደ ታች አሰላዋለሁ። ኬቶን (ካርቦሃይድሬት ሲያንስ ጉበት ከቅባት የሚሠራው ነዳጅ) ዝቅ ሲል ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካርቦሃይድሬቱ ነው፤ ቀጥሎ የሚለኩበት ሰዓት ነው፤ ፕሮቲን ሦስተኛ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከፕሮቲን የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ይራባል፣ ጡንቻውም ይቀንሳል፣ ችግሩም እንደነበረ ይቆያል።

እንግዲህ 25 ግራም ባሉት ላይ እንቆይ። በእያንዳንዱ ስኒ 80 ሚሊ ሊትር ወተት ቢገባ የቀኑ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ገደማ የወተት ስኳር አለው፤ ስለዚህ ከቡናው ብቻ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት አገኙ ማለት ነው። ካሹ ደግሞ ከሌሎቹ የለውዝ ዓይነቶች ይልቅ ስታርች የበዛበት ነው፤ ፋይበሩ ተቀንሶ በ100 ግራም 27 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ሙሉ ጭብጥ 40 ግራም ቢመዝን 11 ግራም ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 23 ግራም ናቸው። ከ25ቱ ውስጥ ተቆጥረው ከሆነ ለአትክልቱ፣ ለእንቁላሉ፣ ለአይቡና ለማጣፈጫው የቀረው 2 ግራም ብቻ ነው፤ ይህ በተግባር አይሆንም። ካልተቆጠሩ ደግሞ እውነተኛው ቁጥርዎ ወደ 48 ግራም ይጠጋል። በ48 ግራም ኬቶሲስ (ደም ውስጥ ኬቶን ከፍ ያለበት ሁኔታ) ውስጥ የሚቆይ ሰው አለ፤ ብዙ የሚንቀሳቀስና ኢንሱሊን በደንብ የሚሠራለት ሰው ይችለዋል። አብዛኛው ሰው ግን በዚህ መጠን ልክ እርስዎ የሚያዩት ዓይነት ቁጥር ላይ ይንገላታል።

ካርቦሃይድሬት ሳይታይ የሚገባባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ሽንኩርት በ100 ግራም 8 ግራም ገደማ፣ ካሮት 7 ገደማ አላቸው፤ ወጥም ሆነ ሾርባ ሲሠራ ሽንኩርቱ ሳይመዘን ይገባል። የተዘጋጁ ቋሊማዎች ስታርችና ስኳር ሊጨመርባቸው ይችላል። «ስኳር የሌለው» የሚል ቸኮሌት ማልቲቶል በሚባል የስኳር ምትክ የተሠራ ከሆነ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋልና የማልቲቶሉን ግማሽ እንደ ካርቦሃይድሬት ይቁጠሩት፤ ኤሪትሪቶል የሚባለው ሌላው ምትክ ግን አብዛኛው ሳይቃጠል በሽንት ስለሚወጣ አይቆጠርም። የሳል ሽሮፕ ራሱ ስኳር ይኖረዋል።

የማሸጊያው ሰንጠረዥም ያሳስታል። በአሜሪካ አሠራር የታተመ ከሆነ የካርቦሃይድሬቱ ጠቅላላ ቁጥር ፋይበሩን ያካትታል፤ ስለዚህ ፋይበሩን ይቀንሳሉ። በአውሮፓ አሠራር ከታተመ ግን ፋይበሩ አስቀድሞ ወጥቶ ለብቻው ተጽፏል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይቀንሰውና 9 ግራም ያለውን ምግብ 3 ግራም ነው ብሎ ይመዘግባል።

ፕሮቲን ለምን ኬቶንን ይነካል የሚለው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሰሙትም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ጉበት ኬቶን የሚሠራው ከቅባት አሲድ ነው። ቅባት አሲዱ ከስብ ክምችት እንዲለቀቅ ኢንሱሊን ዝቅ ማለት አለበት። ፕሮቲን ስንበላ የተወሰነ ኢንሱሊን ይለቀቃል፤ ግን ከእሱ ጋር ግሉካጎን የሚባለው ተቃራኒ ሆርሞንም አብሮ ይወጣል። ካርቦሃይድሬት በሌለበት ማዕድ የግሉካጎኑ ድርሻ ስለሚያይል የኢንሱሊኑ ጫና ይለዝባል። ሁለተኛው መንገድ በራሱ በጉበት ውስጥ ነው። ፕሮቲን ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹ ወደ ግሉኮስ (የደም ስኳር) ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ኬቶን ወገን የሚሄዱት ሉሲንና ላይሲን ብቻ ናቸው። እነዚያ ግሉኮስ ሰሪዎቹ አሚኖ አሲዶች ሲበዙ ከቅባት የመጣው ነዳጅ ወደ ኬቶን ከመሄድ ይልቅ በጉበቱ ሴል ውስጥ መቃጠሉን ይመርጣል። ስለዚህ ፕሮቲን ኬቶንን በመጠኑ ይጫናል። ይጫናል ማለት ግን አንድ ቁራጭ ሥጋ አንድ ቁራጭ ኬክ ይሆናል ማለት አይደለም። ጉበት ግሉኮስ የሚሠራው በዋናነት ሰውነት በሚፈልገው ልክ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ኬቶን መጠቀም ስለማይችሉ ሁልጊዜ ግሉኮስ ያስፈልጋቸዋል፣ አንጎልም የተወሰነ ድርሻ ይፈልጋል። ጥሬ ዕቃውም አሚኖ አሲድ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ የሚለቀው ላክቴትና ከስብ የሚወጣው ግሊሰሮል አብረው ይሠራሉ። ፕሮቲን ከምግብ ካልመጣ ይህ የግሉኮስ ፍላጎት አይጠፋም፤ ጉበት አሚኖ አሲዱን ከጡንቻ ይወስዳል። 60 ግራም ላይ የምቃወመው ለዚህ ነው።

«ፕሮቲን ቀንስ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ኬቶጄኒክ የሚለው አመጋገብ በ1921 በማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር የቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነበር። በዚያ ሕክምና ጥብቅ በሆነው መልኩ ለ1 ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ድምር 4 ግራም ቅባት ይበላል፤ ከጠቅላላው ኃይል 90 በመቶው ከቅባት ይመጣል ማለት ነው። እዚያ ከፍ ያለው ኬቶን ራሱ መድኃኒቱ ስለሆነ ፕሮቲኑ እስከ ዝቅተኛው ይገደባል፤ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያም በቅርብ ይከታተሉታል። ክብደት ለመቀነስ ለሚበላ ሰው ያንን ገደብ መዋስ ትርፉ ትንሽ፣ ኪሳራው ብዙ ነው።

በዚያው ዘመን ውድያት የተባለ ሐኪም የቀመራት ስሌት ዛሬም ነገሩን በግራም ለማየት ትረዳለች። የኬቶን ወገን፦ ቅባት በ0.9፣ ፕሮቲን በ0.46 ተባዝተው ይደመራሉ። የግሉኮስ ወገን፦ ካርቦሃይድሬት በ1፣ ፕሮቲን በ0.58፣ ቅባት በ0.1 ተባዝተው ይደመራሉ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል፤ ውጤቱ 1.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ኬቶሲስ ይጠበቃል። የእርስዎን እናስላ። ካርቦሃይድሬቱ በእርግጥ 48 ከሆነ የኬቶኑ ወገን 159፣ የግሉኮሱ ወገን 150 ይሆናል፤ ውጤቱ 1.06 ነው። ካርቦሃይድሬቱ ብቻ ወደ እውነተኛ 25 ሲወርድ 1.25 ይሆናል። ፕሮቲኑ 105፣ ቅባቱ 120 ሲሆን ደግሞ 1.6 ይደርሳል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በግራም ሲመዘን ካርቦሃይድሬት ከፕሮቲን እጥፍ ያህል ይጫናል፤ ለዚህ ነው ከእሱ የሚጀመረው። ስሌቱ የፕሮቲንን ጫና በከፍተኛው ልክ ይቆጥራል፤ ከገዛ ሰውነትዎ የሚቃጠለውን ስብ ደግሞ ጨርሶ አይቆጥርም። ስለዚህ ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው በ1.3ም ኬቶሲስ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አቅጣጫ ለማየት ይጠቀሙባት እንጂ ዋጋዋን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አይውሰዱት።

አሁን የራስዎ የፕሮቲን ልክ። መነሻው የአሁኑ ክብደት ሳይሆን ለቁመትዎ የሚመጥነው ነው፤ የተከማቸ ስብ የሚመግበው ፕሮቲን ብዙም አይጠይቅም። ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተው በ24 ያባዙት፤ 1.68 በ1.68 በ24፣ 68 ኪሎ ገደማ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.7 ግራም ሲታሰብ ከ82 እስከ 116 ግራም ይመጣል። ክብደት የሚያነሣ ወይም ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል። እርስዎ በኃይል ጉድለት ላይ ስለሆኑ 105 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። የአሁኑ 160 ግራም ለኪሎ 2.35 ይሆናል፤ ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው አደገኛ ነው አልልም፣ ግን ከ105 በላይ ያለው 55 ግራም የሚጠቅምዎ ነገር ትንሽ ነው።

በሦስት ማዕድ ቢከፈል ለእያንዳንዱ 35 ግራም ይደርሳል። 35 ግራም ፕሮቲን ማለት 115 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት፣ ወይም 160 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ፣ ወይም 3 እንቁላል ከ70 ግራም ፎርማጆ ጋር ነው። እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንዱ 100 ግራም ሥጋን 100 ግራም ፕሮቲን ብሎ መቁጠር ነው፤ እንዲህ የሚቆጥር ሰው «150 ግራም ፕሮቲን በላሁ» ሲል የበላው 35 ግራም ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በስሎ የተመዘነን ሥጋ በጥሬ ሥጋ ሰንጠረዥ መመዝገብ ነው። ሥጋ ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህል ውሃ ያጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እዚያው ነው፤ ስለዚህ 200 ግራም የበሰለው 267 ግራም ገደማ ጥሬ ሆኖ መቆጠር አለበት። የእርስዎ 160 በየትኛው መንገድ እንደተገኘ ያጣሩ፤ ምናልባት እስካሁን የሚበሉት 120 ይሆናል፣ ምናልባትም 200።

ልኩን በመቶኛ አይያዙት። «ፕሮቲን 20 በመቶ» የሚለው መመሪያ በቀን 2,400 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 120 ግራም ሲሰጥ፣ ያው ሰው ክብደት ለመቀነስ ወደ 1,200 ሲወርድ 60 ግራም ይሰጠዋል። ፕሮቲን ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግማሹን ቀነሰበት ማለት ነው። ፕሮቲን በግራም ይቆለፋል፣ ካርቦሃይድሬት በግራም ጣሪያ ይበጅለታል፣ የቀረውን ቅባት ይሞላዋል። በ1,600 ካሎሪ፦ 105 ግራም ፕሮቲን 420 ካሎሪ፣ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት 100 ካሎሪ፣ ቀሪው 1,080 ለ9 ሲካፈል 120 ግራም ቅባት። አሁን ከሚበሉት 25 ግራም የሚጨምረው ቅባት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አይሞላም። ይህ ቅባት ከፕሮቲኑ የወጣውን ካሎሪ ይተካል እንጂ ግዴታ አይደለም። ጥጋብ ከተሰማዎ ይተዉት፤ የጎደለውን ሰውነትዎ ከክምችቱ ያወጣል። ኬቶንን ከፍ ለማድረግ ብሎ ቅቤ በቡና መጨመር ግን የበሉትን ቅባት ያስቃጥላል፣ የተከማቸው ተራውን ይጠብቃል። ኤም ሲ ቲ ዘይትም (መካከለኛ ርዝመት ካላቸው ቅባት አሲዶች የተሠራ ዘይት) እንዲሁ ነው፤ በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ንባቡን ከፍ ያደርጋል፣ ያ ማለት ግን የራስዎ ስብ ቀለጠ ማለት አይደለም። ከሞከሩትም ከ5 ግራም ይጀምሩ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የወሰደ ሰው ተቅማጥ ይይዘዋል።

ወደ መለኪያው። ወረቀቱ መደብዘዙ ከኬቶሲስ መውጣትዎን አያሳይም። የሽንት ወረቀት የሚያየው አሴቶአሴቴት የሚባለውን አንዱን ኬቶን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኩላሊት ብዙ ኬቶን ያፈስሳል፤ ሲለምድ መልሶ መያዝ ይጀምራል፣ የደሙም ኬቶን ይበልጡን ወረቀቱ ወደማያየው ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ያደላል። ብዙ ውሃ መጠጣትም ቀለሙን ያቀጥነዋል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይተዉት። የደም መለኪያው ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ የምግብ ኬቶሲስ የሚባለውም በሊትር ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል ያለው ነው። ግን የሚያሳየው እንደ ውሃ ታንከር ልክ የገባውንና የወጣውን ልዩነት ነው፤ ጉበት ብዙ እየሠራ ጡንቻና አንጎል ያንኑ ያህል ቢጠቀሙ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ጠዋት ብቻ መለካትዎም ምስሉን ያዛባል። ሊነጋ ሲል ኮርቲሶልና ሌሎች ሆርሞኖች ጉበትን ግሉኮስ ያስለቅቁታል፤ በብዙ ሰው ላይ የቀኑ ዝቅተኛው ኬቶን የሚታየው ያኔ ነው። ከእራት በፊት፣ ከበሉ ቢያንስ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይለኩ፤ ጠዋት 0.3 የነበረው ያኔ 0.7 ቢሆን አያስገርምም። ከባድ ስፖርት ከሠሩ በኋላ ወዲያው አይለኩ፤ የደም ስኳር ለጊዜው ወጥቶ ኬቶኑ ሊወርድ ይችላል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥናል። ስትሪፑ ጊዜው ያለፈበት ወይም ማሸጊያው ቀድሞ የተቀደደ ከሆነ ቁጥሩን አይመኑ። በሁለት ልኬት መካከል ያለ የ0.1 ወይም የ0.2 ልዩነትም ትርጉም የለውም።

ሥራውን በዚህ መልክ ያስኪዱት። ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ፕሮቲኑን አይንኩ። የወጥ ቤት ሚዛን ይዘው ወተቱን፣ ዘይቱንና ሽንኩርቱን ጨምሮ ሁሉንም በግራም ይመዝኑ። ወተቱን በ20 ሚሊ ሊትር ክሬም ይተኩ፤ በስኒ ከ1 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ነው። ካሹውን በ30 ግራም አልሞንድ ይተኩ፤ 3 ግራም ገደማ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ከእራት በፊት ይለኩ። 0.5 ከደረሰ ችግሩ ካርቦሃይድሬቱ ነበር፤ ፕሮቲኑን ወደ 105 ማውረድ ከዚያ በኋላ ለኬቶን ሳይሆን ለልክ ሲባል ነው። ካልደረሰ ደግሞ ፕሮቲኑን በ3 ቀን ውስጥ ወደ 130፣ ከዚያ ወደ 105 ያውርዱና ሳምንት ጠብቀው ይለኩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። 105 ላይ ሆነው፣ ካርቦሃይድሬቱም በሚዛን ተረጋግጦ 0.4 ቢቀር ካርቦሃይድሬቱን ወደ 20 ያውርዱት። ከ82 ግራም ፕሮቲን በታች ግን አይውረዱ፤ ቁጥሩ ምንም ቢል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የወረደው ሁሉ ስብ አልነበረም። ጉበት 100 ግራም፣ ጡንቻ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን (የተከማቸ ግሉኮስ) ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ያቆራኛል። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ ይህ ውሃ ስለሚወጣ ከ5ቱ ኪሎ አንድና ሁለቱ የእሱ ነው። አሁን በሳምንት 400 ወይም 500 ግራም ቢወርድ ያ ትክክለኛው ፍጥነት ነው። 0.6 ያለው ሰው 2.0 ካለው ሰው ያነሰ ስብ ያቃጥላል ማለትም አይቻልም። ሁለት ሙሉ ሳምንት ክብደቱም የወገብ ልኩም ካልተነቃነቁ ከቅባቱ 20 ግራም ይቀንሱ።

ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ጨው ያፈስሳል። ራስ ምታት፣ ሲነሡ ማዞር፣ የባት ቁርጥማት ካለ «ኬቶኔ አንሶ ነው» ብለው ምግቡን ከማጥበቅ በፊት ጨውዎን ይዩ፤ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ለሌለው ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሙቅ ሾርባ አድርጎ መጠጣት በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

ከላይ ያለው ሁሉ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል መጠኑ አስቀድሞ በሐኪም መስተካከል አለበት። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ይህን አመጋገብ በራሱ መጀመር የለበትም፤ የደም ስኳሩ ደህና መስሎ እያለ ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመምተኛ፣ ቆሽቱ ታሞ የሚያውቅ ሰውና የኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ። ማንም ሰው ከ3 በላይ ንባብ ከማስታወክ፣ ከሆድ ሕመም ወይም ከፈጣን ትንፋሽ ጋር ካየ ምግብ ማስተካከሉን ትቶ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

ለእርስዎ የሚቀረው የደም ቅባት ምርመራ ነው። አመጋገቡን በጀመሩ በ3 ወር ያድርጉት። በአንዳንድ ሰው ላይ ኤል ዲ ኤል የሚባለው ኮሌስትሮል በጣም ይወጣል፤ ከወጣ በ120ው ግራም ውስጥ ያለውን ቅቤና ክሬም በወይራ ዘይት፣ በአቮካዶና በዓሣ ይተኩና ከ6 ሳምንት በኋላ ደግመው ያስለኩት። አሁንም ከፍ ብሎ ከቀረ ካርቦሃይድሬቱን ከ50 ግራም በላይ ስለማድረግ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፣ የመለኪያው ንባብ ከ0.5 በታች ቢወርድም።